ለቅርጽ ሥራዎ ፎቶ መስከረም እስኪጠባ አይጠብቁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰኔ ሲገባ «ዝናቡ ይለፍና ፀሐይ ሲወጣ ሥራዬን ይዤ እመጣለሁ» የሚል መልእክት ይበዛብናል። ቀራጺዎችም የጋለሪ ባለቤቶችም ይህንኑ ይሉናል። እኛ ደግሞ «ኧረ አሁን ኑ!» እንላለን። ምክንያቱን በስልክ በጥድፊያ ከምንነግራችሁ ብለን ይህን ጻፍን።

ለቅርጽ ፎቶ የደመና ቀን ይሻላል፤ ነገሩም የቆየ ነው። በወረቀት ኔጌቲቭ ፎቶ የማተምን ዘዴ ያገኘው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት፣ የፓትሮክለስ ራስ የጄሶ ቅጂ ነበረው። ፓትሮክለስ በትሮይ ጦርነት የሞተው የአኪለስ ወዳጅ ነው። ታልቦት ይህን ራስ ደጋግሞ አንስቶታል። ያኔ አንድ ፎቶ ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ሰው ያን ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ይከብደዋል፤ ጄሶ ግን ንቅንቅ አይልም። ነጭ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት 24 ፎቶዎች ሁለቱ የዚሁ ራስ ናቸው። እዚያው የሰጠው ምክር እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው። ብዙ ሐውልቶች ከፀሐይ ይልቅ በደመና ቀን ያምራሉ ይላል፤ ፀሐይ ጥላውን አጠንክራ ቅርጹን ታምታታለችና። በፀሐይ ማንሳት ግድ ከሆነ፣ ከሐውልቱ አንድ ጎን ትንሽ ራቅ አድርጎ ነጭ ጨርቅ መያዝ ነው። ብርሃኑ ከጨርቁ ተመልሶ የጨለመውን ቦታ ያሳያል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ደንበኛችን ከወይራ የጠረቡትን የእናታቸውን ፊት አመጡልን። በረፋድ ፀሐይ አነሳነው። የዓይኑ ጉድጓድ ድፍን ጥቁር ሆኖ ቀረ። በግራ በኩል አቡጀዲ ዘርግተን ስንደግመው፣ ከዓይኑ ሥር ያለችው ቀጭን የመሮ ጭረት ብቅ አለች። «እሷን ነበር የፈለግኳት» አሉን። የሐምሌ ሰማይ ያንን አቡጀዲ በየአቅጣጫው ዘርግቶ ይጠብቀናል።

ከደንበኞቻችን ቀራጺዎች ስለሚበዙ አንድ ሰው ሳናነሳ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1851 በመስታወት ላይ ፎቶ የማንሳትን የኮሎዲየን ዘዴ ለሕዝብ ያሳወቀው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ራሱ ቀራጺ ነበር። የባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም። ማንም እንዲሠራበት ለቀቀው፤ እሱ ግን በ1857 በድህነት ሞተ። እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ሮጀር ፌንተን በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ሐውልቶችን ያነሳው በዚሁ ዘዴ ነው። የአርቸር ልግስና ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው።

የዚያ ዘመን ኬሚካል ግን ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቢጫና ቀዩን እምብዛም አይቀበልም ነበር። ጄሶ ፍክት ብሎ ሲወጣ ነሐስና ያረጀ እብነ በረድ ይጨልሙ ነበር። የዛሬ ካሜራ ይህ ችግር የለበትም። የጥላው ነገር ግን ያው ነው፤ ፍላሽ የማንጠቀመውም ለዚህ ነው። ፊት ለፊት የሚመታ ብርሃን ጉብታውንና ስርጉዱን አንድ ላይ ደፍጥጦ ያወጣዋል።

እናም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይምጡ። ሥራውን በየአቅጣጫው እያዞርን ስለምናነሳ ግማሽ ቀን ይያዙልን። ዋጋው አልተለወጠም። ከመምጣትዎ በፊት ቫርኒሽ አይቀቡት፤ ያብረቀርቅብናል። እንጨት ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያምጡት። ዝናብ ከሆነ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ይደውሉልን፤ ጃንጥላ ይዘን እንወጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ቤቱ ባልደረቦች