የባሕሩ አውሎ ነፋስ እኛንም ይመለከተናል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጎንደር፣ አዘዞ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ሐሩር አውሎ ነፋስ ሳስተምር አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እኛ ባሕር የለን፤ ምን ያደርግልናል?» አለኝ። መልሴን ለአንባቢዎቻችሁም ላድርስ።

አውሎ ነፋሱ የሚወለደው የባሕሩ የላይኛው ውሃ 26.5 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ ደመና ሲሆን የሚለቀው ሙቀት ነፋሱን ያበረታዋል። የብስ ሲረግጥ እንፋሎቱ ይቋረጥበትና ይሞታል፤ ዝናቡ ግን ሥራውን ሠርቷል። በግንቦት 2010 መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን የተባሉት የዓረቢያን በረሃ አራሱት። እርጥቡ አሸዋ ላይ አንበጣ እንቁላሉን ጣለ፤ ማንም ሳያየው ተራባ።

ጥቅምት 2013 የአንበጣው መንጋ ቆቦ ሲደርስ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ጀሪካን እየደበደብን፣ ጅራፍ እያጮህን ዋልን። ሲመሽ የማሽላው አገዳ ብቻ ቆሟል። እህቴ አንዱን ዘለላ በመዳፏ ዳበሰችው፤ አንድ ፍሬ እንኳ አልቀረበትም። ያ እጇ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

እባካችሁ፣ በዓረቢያ ባሕር አውሎ ነፋስ ሲነሣ ጻፉልን። ከመኩኑ እስከ እህቴ ማሳ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ጊዜ ነበረን።

አክባሪያችሁ፣
መምህሩ፣ ከጎንደር