መኪና ስትከራዩ የቀን ዋጋውን ብቻ አትዩ

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ የምፅፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለዕቃ ግዢ ዱባይ ሊሄድ ነው እና ቅዳሜ ለት አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የአሳ ሾርባ እየጠጣን ስልኩን አወጣና "ጋሼ ይሄኛው በቀን 59 ድርሃም ነው ያኛው 89 ነው፣ ርካሹን ልያዘው አይደል?" አለኝ። ቆይ ልንገርህ አልኩት። ለሱ የነገርኩትን ሌላም ሰው ይስማው ብዬ ነው የምፅፈው።

ዱባይ 6 አመት ሰርቻለሁ። በ2009 ዓ.ም እህቴ፣ የዚሁ ልጅ እናት፣ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ማዞሪያ ብዬ ዴራ ካለ አንድ አከራይ ኒሳን ሰኒ ለ5 ቀን ያዝኩ፣ ከሁሉም ርካሽ እሱ ስለነበር። መኪናውን የሰጡኝ ማታ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ፣ መኪናው አቧራ የለበሰ፣ ልጁ "ኖ ፕሮብሌም ኖ ፕሮብሌም" እያለ ወረቀት ሰጠኝ፣ ህፃናቱ ደክሟቸው ስለነበር ሳላገላብጥ ፈረምኩ። ስመልስ የተቀበለኝ ሌላ ሰው ነው። ተንበረከከና የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከፊት ፓራውልቱ ስር ገባ፣ በጥፍሩ ሄድ መለስ አድርጎ ጭረት አለ አለኝ። መዳፍ አታክልም። እኔ እንዳልነካሁት እርግጠኛ ነኝ ግን በምን ላስረዳ፣ ፎቶ የለኝ፣ የፈረምኩት ወረቀት መኪናው ምንም እንከን የለበትም ይላል። ካስያዝኩት 1000 ድርሃም 900ውን ቆረጡ። እህቴ በኔ ምክንያት ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ስትሳቀቅ ዋለች፣ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ።

ከዛ በኋላ በቀን 30 ድርሃም ጨምሬ ከሌላ ቤት ነበር የምወስደው። እዛ ሰራተኛው የመኪና ስዕል ያለበት ወረቀት ይዞ አብሮኝ ይዞራል፣ ያገኘውን ጭረት ሁሉ በእስክሪብቶ ያከብበታል፣ ቸርኬውን ስኮርታውን ክሪኩን ያሳየኛል፣ ነዳጁ የት ላይ እንዳለ ይፅፋል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። የዋጋው ልዩነት ለ5 ቀን 150 ድርሃም ነው፣ እኔ እሱን ላተርፍ ብዬ ነው 900 የከፈልኩት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ኪሎሜትሩን ነው። ብዙዎቹ በቀን 250 ኪሎሜትር ነው የሚፈቅዱት፣ ከዱባይ አቡዳቢ ደግሞ በአንድ ጉዞ 140 ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ስትሄድ አለፍክ ማለት ነው፣ ከዛ በላይ በየኪሎሜትሩ ይቆጥርብሃል። ሳሊክ የሚባለው የመንገድ ክፍያም በኔ ጊዜ በር ባለፍክ ቁጥር 4 ድርሃም ነበር፣ አከራዩ ግን 5 ነበር የሚያስከፍለኝ። ማስያዣውንም ቅጣት ይመጣ ይሆናል ብለው እስከ ወር ድረስ ይይዙታልና በሱ ብር ዕቃ እገዛለሁ ብሎ ያሰበ ሰው ይቸገራል። ደሞ ትንሽም ብትጋጭ ለፖሊስ ሳታሳውቅ ትተህ እንዳትሄድ፣ የፖሊስ ሪፖርት ከሌለህ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ ማለት ምንም አይጠቅምህም።

ማስያዣው የሚያዝበት ካርድስ? የእህቴን ልጅ ስጠይቀው አሜሪካ ያለው የአጎቱ ልጅ በክሬዲት ካርዱ ይይዝልኛል አለኝ። ብዙዎቹ አከራዮች ካርዱ በሚነዳው ሰው በራሱ ስም ካልሆነ መኪናውን አይሰጡም፣ ኪራዩ ቀድሞ ተከፍሎም ቢሆን። ስለዚ በጥሬ ብር ወይ በዴቢት ካርድ የሚቀበል መሆኑን፣ የኛ መንጃ ፈቃድ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ወይ ኢንተርናሽናሉም ያስፈልግ እንደሆነ ከመሄድህ በፊት በፅሁፍ ጠይቅ፣ መልሱንም ስልክህ ላይ አስቀምጥ አልኩት።

አሜሪካ ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር። ኸርትዝ፣ ዶላር እና ትሪፍቲ የሚባሉት መኪና አከራዮች የአንድ ባለቤት ናቸው፣ ኤቪስና ባጀትም እንደዛው፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ናሽናልና አላሞም እንደዛው። ሶስት ቦታ አወዳደርኩ ስትሉ አንድ ቤት ውስጥ እየዞራችሁ ሊሆን ይችላል። ከ25 አመት በታች የሆነ ሹፌር ደግሞ ብዙ ጊዜ በየቀኑ ተጨማሪ ይከፍላል። ትልቅ ስም ነው ብላችሁም አትዘናጉ፣ በየአገሩ ያሉት ቅርንጫፎች ብዙዎቹ ስሙን ብቻ ወስደው የሚሰሩ የአገሩ ነጋዴዎች ናቸው፣ አንዱ አገር ጥሩ የሆነው ሌላው አገር ጥሩ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ሀዋሳም ቢሆን ለፊቼ ጨምበላላ ለጥምቀት ዘመድ ከውጭ ሲመጣ መኪና የሚያዘው አብዛኛው በደላላና በቃል ነው። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለው ይሏችኋል፣ እሱ እኮ ግዴታ ነው፣ የተከራያችሁት መኪና ራሱ ቢጎዳ ግን አይሸፍንም። ሊብሬውንና ቦሎውን እዩ፣ ኢንሹራንሱ ለኪራይ ስራ የተገባ መሆኑን ጠይቁ። አከራዮቻችንንም የምለምነው ያችን የመኪና ስዕል ያለባትን አንድ ገፅ ወረቀት አሳትሙልን ነው፣ ወጪዋ ምንም ነው፣ እናንተንም እኛንም ከጭቅጭቅ ታድናለች።

ልጁ የሚበረው ሐሙስ ነው። ርካሹን ይያዝ ውዱን ለሱ ትቼዋለሁ፣ ግን ከፓርኪንግ ሳይወጣ መኪናውን በብርሃን ዙሪያውን ቀርፆ በቴሌግራም ሊልክልኝ ቃል ገብቶልኛል፣ ከፓራውልቱ ስር ጭምር።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ