የንጉሡ ከረጢትና የአባባ እግር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ጋዜጣችሁ እጄ የሚገባው ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር ሳላነብ አላስቀምጠውም። በገና እትማችሁ ስለ እንግሊዞች በዓልና ስለ ንጉሣቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የወርቁን ሠረገላ፣ ዘውዱን፣ የገናውን ዛፍ አሳምራችሁ ጽፋችኋል። ንጉሣቸው በጸሎተ ሐሙስ ለአረጋውያን ስጦታ የሚሰጡበትን ሥርዓት ግን አላነሣችሁትም። ብዕር ያስነሣኝ እሱ ነው።

አምና የእነሱም የእኛም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ጸሎተ ሐሙስም አብሮ ገጠመ፤ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። ያን ዕለት ጎረቤቴን አባባን ይዤ ለሕጽበተ እግር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አባባ የተወለዱት ጃንሆይ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር ደብረ ማርቆስ በገቡበት ዓመት፣ በ1933 ነው። ጉልበታቸው ስለደከመ ክንዴን ተደግፈው፣ ሦስት ቦታ አርፈው ነው የደረሱት። ካህኑ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ራሳቸው አወለቁላቸው። የአባባ ተረከዝ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ካህኑ የወይራና የወይን ቅጠል በገባበት ውሃ አጠቧቸው። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ቀለል አደረጉ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስንመለስ፣ «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እግሬን የነካው ሰው የለም» አሉኝ።

ማታ ልጄ ደወለች። እንግሊዝ አገር ነርስ ናት። ንጉሥ ቻርልስ በዚያው ዕለት ለዚሁ ሥርዓት ደርሃም በሚባል ከተማ ካቴድራል ተገኝተው እንደነበር ነግራኝ ቪዲዮውን ላከችልኝ። ንጉሡ ያኔ 76 ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ 76 ወንድና 76 ሴት አረጋውያን ተጋበዙ። ቁጥሩ በየዓመቱ ከንጉሡ ዕድሜ ጋር ያድጋል። የሚመረጡት ቤተ ክርስቲያንንና አካባቢያቸውን ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። ንጉሡ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ከረጢት ሰጡ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ። በነጩ ውስጥ ለዚሁ ቀን ተብሎ ከብር ማዕድን የሚቀረጽ ሳንቲም አለ። ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፔኒ ነው፤ ሲደመር ልክ 76 ፔኒ ይሆናል። በቀዩ ያለው ገንዘብ ድሮ ይሰጥ የነበረው ምግብና ልብስ ምትክ ነው። ከረጢቶቹን የሚያመጡት የንጉሡ ዘበኞች ናቸው፤ በትልልቅ ሳህን፣ በጭንቅላታቸው ተሸክመው።

ሥርዓቱ ሮያል ሞንዲ ይባላል። ቃሉ ትእዛዝ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ጌታ በዚያች ማታ የሐዋርያቱን እግር አጥቦ እርስ በርሳቸው እንዲዋደዱ ያዘዛቸው ትእዛዝ ማለት ነው። ንጉሥ ጆን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1210 ለድሆች ስጦታ እንደሰጠ ተመዝግቧል። ጥንት የእንግሊዝ ነገሥታት የድሆችን እግር ራሳቸው ያጥቡ ነበር። ያ ቀርቷል። ዛሬ የቀረው ምልክቱ ነው፤ ሥርዓቱን የሚያስፈጽሙት አገልጋዮች እስከ አሁን ነጭ ፎጣ ታጥቀው ይቆማሉ። ቪዲዮው ላይ ፎጣውን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። እኛ ውሃውን ይዘናል፤ እነሱ ከረጢቱን ይዘዋል።

የማልረሳው ደግሞ ከዚያ በፊት ያየሁትን ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባን ቤታቸው ሳስገባ ምድጃው ቀዝቅዟል። ጉልባን ያመጣላቸው ሰው አልነበረም። በጸሎተ ሐሙስ! እኔ የቀቀልኩትን ለዘመድ አከፋፍዬ ጨርሼ ነበር። ድስቱ ሥር የቀረችውን ጠራርጌ ወሰድኩላቸው። አንድ ጭልፋ አትሞላም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከተማችን ውስጥ አሁን አሁን ለገና ባለ ነጭ ጺሙን ሽማግሌ ሥዕል የማይሰቅል ሱቅ የለም። ዛፉ ላይ በረዶ እንዲመስል ጥጥ ይለጥፋሉ። በረዶ ጎጃም ውስጥ ሲወርድ ጤፍ ነው የሚያወድም፣ ምኑ ያምራል? ከእንግሊዞች መውሰድ ካለብን ሌላ ነገር አላቸው። በጦር ሠራዊታቸው የገና ምሳ ለተራው ወታደር የሚያቀርቡት መኮንኖቹ ናቸው። እኛስ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንል የለ? ትልቁ ለትንሹ ዝቅ የሚልበት ቀን በሁለታችንም ዘንድ አለ። ጋዜጣችሁ ይህን ቢጽፍ አንባቢው ከራሱ ጓዳ የሚያገኘው ነገር ይኖረው ነበር።

የሰፈራችን ሴቶች ዕድር ባለፈው እሑድ በዚህ ጉዳይ ተነጋግሯል። በሰፈራችን ከ70 ዓመት በላይ ሆነው ብቻቸውን የሚኖሩ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ቀን ይውላል። ለእያንዳንዳቸው ጉልባን በሳህን፣ በትንሽ ከረጢትም በዕድሜያቸው ልክ ብር ልናደርስ ተስማምተናል። እዚያ የሚቆጠረው የንጉሡ ዕድሜ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው የተቀባዩን ነው። ብሩ ብዙ አይደለም፤ የዘይት እንኳ አይሞላም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዓመታቸውን እንደቆጠረላቸው ያውቃሉ።

እባካችሁ ይህን ደብዳቤ ከሰሙነ ሕማማት በፊት አውጡልኝ። በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም፣ በሞጣም ያሉ ዕድሮችና ሰንበት ተማሪዎች ቢያነቡት ጊዜ ይኖራቸዋል። ስንዴና ባቄላው ከዋዜማው መዘፍዘፍ አለበት።

ከረጢቶቹን እኔ ነኝ የምሰፋው፤ ከነጠላ ቁራጭ። የአባባ አልቋል። ዘንድሮ 85 ይሆናቸዋል። የአንድ ብር ሳንቲሞቹን ከባለ ሱቁ እየመነዘርኩ 62 አድርሻለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ