ከተስፋዬ ለማ በፊት ሐሊም ኤል-ዳብ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የባህል መሣሪያ ተጫዋቾች ቡድን ስለነበረው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። የቡድኑ መሪ የነበረውን ተስፋዬ ለማን ማመስገናችሁ ተገቢ ነው፤ ውለታው ብዙ ነው። ነገር ግን እሱ ቡድኑን መምራት የጀመረው በ1966 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 ያቋቋመው፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ነው። ስሙን አንዴም አላነሳችሁትም።

ሰውየው በ1921 ካይሮ ተወለደ፤ የተማረው የእርሻ ምህንድስና ነው። በ1950 አሜሪካ ገባ፤ በ1961 ዜግነት ወሰደ። ለአሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን የ«ክሊተምኔስትራ»ን ሙዚቃ የደረሰውም እሱ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የ1944ቱ ሥራው ነው። ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ፣ ሴቶች ዛር የሚያወርዱበት ቦታ ገብቶ ቀዳ። ዛር ስል ያው እኛ የምናውቀውን ነው። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ከዜማው ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ የገደል ማሚቶው ብቻ እንዲቀር አደረገ። ሰምቼዋለሁ፤ ቃል አይለይም፣ ሰውነት ግን ይወርራል። ፓሪስ ውስጥ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የሠራ ሰው ስድስት ኪሎ መጥቶ ኦርኬስትራ ሲያቋቁም ቫዮሊን አልፈለገም። ክራር፣ መሰንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ የሚጫወቱ ሰዎችን ከየአካባቢው አሰባስቦ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ለአንባቢ ቀላል ሊመስል ይችላል። ዕድሜዬን ክራር ሳስተምር ስለኖርኩ ጣጣውን አውቀዋለሁ። ክራር ደርዳሪ ክሩን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው፤ አዝማሪም እንዲሁ። በገና ደግሞ ብቻውን የኖረ ነው። እምቢልታና ዋሽንት አይቃኙም፤ ቀዳዳቸውና ርዝመታቸው ከወሰነው ድምፅ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ባለ ክሩ ሁሉ ጉሮሮውን ትቶ ወደ እነሱ መሄድ አለበት። አዝማሪ በቡድን ሲቀመጥ ምላሱ ይታሰራል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። በቡድን የሚጫወቱትን የዛሬ የባህል ኪነት አባላት ግን ያለዚያ ሙከራ ማሰብ ይቸግረኛል።

ኤል-ዳብ እዚህ የቆየው ከ1962 እስከ 1964 ብቻ ነው። በ2017 ለዓመታት ባስተማረባት ኬንት፣ ኦሃዮ አረፈ።

በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አውጡልን። ስትጽፉም «አንድ የውጭ አገር መምህር» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ በስሙ ጥሩት።

ጡረታ የወጣሁ የክራር መምህር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ