ላልገጠመው የአባቴ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለጥርስ ሕክምና ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ለአባቴ የተሠራው ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሠራ፣ ይህ ካልሆነ የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ነዋሪነታቸው በወረኢሉ ከተማ የሆነው አባቴ የቀሯቸውን የላይና የታች ጥርሶች በመስከረም ወር በክሊኒካችሁ አስነቅለው፣ በኅዳር ወር የድዳቸው ልክ ተወስዶ፣ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ እንዲሠራላቸው ቀብድ የከፈልን መሆኑ ይታወቃል። ቀብዱን ስንከፍል ጥርሱ በአንድ ወር ውስጥ እንደሚደርስ ተነግሮን ነበር። ወሩ አልፎ በጥር ስንጠይቅ «ከአዲስ አበባው ላቦራቶሪ አልመጣም» ተባልን፤ ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ «አስቸኳይ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ተብለን የተጠየቅነውን ጨምረን ከፈልን። ይሁን እንጂ ጥርሱን የተረከብነው ረመዳን አልፎ፣ ኢድም ተከብሮ፣ በሚያዝያ ወር ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ወስዶ የመጣው ጥርስ ደግሞ አባቴ አፍ ውስጥ አልገጠመም።

የታችኛው ጥርስ አባቴ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ከድዳቸው ይነሳል፤ በምላሳቸው ተጭነው ካልያዙት በቦታው አይቀመጥም። በግራ በኩል ጠርዙ እየቆረጠ ቁስል ስላወጣባቸው፣ እንጀራው በወጥ ርሶ ካልላላላቸው በቀር አይበሉም። የላይኛው ላንቃቸውን የያዘ ቢመስልም፣ የፊት ጥርሶቹ አጥረውና ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስለተደረደሩ፣ ሲናገሩ የታችኛውን ከንፈራቸውን አይነኩም። የፈ ድምፅ የሚወጣው የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሱረቱል ፊል ደግሞ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ በፈ የተሞላች መሆኗን የሚያውቅ ያውቃል። ልጆቹ ከመምህራቸው አፍ የሚሰሙት ፊደሉን ሳይሆን ትንፋሹን ሆኗል። በዚህ የተነሳ አባቴ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለው በኪሳቸው ይይዙታል፤ አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። (ጥርሱ የተሠራበት አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ሲደርቅ ቅርጹን ስለሚለውጥ ካፍ የወጣ ጥርስ ውሃ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት በርክክቡ ዕለት የነገረን አልነበረም፤ ይህን ኋላ ላይ ራሴ አንብቤ ነው ያወቅሁት።)

ችግሩን ይዘን ወደ ክሊኒካችሁ ስንመለስ የተሰጠን መልስ «አብሽሩ፣ ድድዎ ሲለምደው ይስተካከላል» የሚል ነበር። ባለሙያው የታችኛውን ጠርዝ በግምት ሞረደው፤ የሞረደው ግን ቁስሉ ያለበትን ጎን አልነበረም። አዲስ ጥርስ መለማመድ እንደሚጠይቅ አላጣሁትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምራቅ መብዛቱ፣ አፍ ሞልቶ መሰማቱ፣ ቀስ ብሎ በሁለቱም ጎን ማኘክ ማስፈለጉ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ያጠረ ጥርስ በልምድ አይረዝምም፤ ከድዱ ጋር ያልተገናኘ ጥርስም ስለተለመደ አይገናኝም።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የማስተምር ስለሆንኩ፣ ጥርሱ የተሠራበትን ቁስና የአሠራሩን ሂደት በሚመለከት ማንበብ አልከበደኝም። ካነበብሁትና በዓይኔ ካየሁት ተነስቼ ጥፋቱ የደረሰበትን ቦታ ላመላክት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ክሊኒካችሁ እስካሁን ሲነግረን የቆየው፣ በዚህ ዋጋ በፍጥነት የሚደርስና በደንብ የሚገጥም ጥርስ አብረው አይገኙም የሚል ነው። በእኔ እምነት ይህ ትክክል አይደለም።

የድድ ልክ የሚወሰድበት አልጂኔት የተባለው ቁስ ከባሕር አልጌ የሚገኝ ሲሆን፣ አፍ ውስጥ ሲረጋ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። አየር ላይ ሲቆይ ውሃውን እየለቀቀ ይኮማተራል፤ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ደግሞ ያብጣል። በዚህ ምክንያት የተለመደው አልጂኔት ካፍ እንደወጣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይም አንድ ሰዓት ሳያልፈው፣ የድዱን ቅርጽ የሚይዝ ጀሶ ሊፈስበት እንደሚገባ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ያዝዛል። በአባቴ ልክ ላይ የተደረገው ከዚህ የተለየ ነው። የወሰደችው ባለሙያ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ፣ ፌስታል ውስጥ ከትታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው አባቴም እኔም እያየን ነበር፤ መቼ እንደሚላክ ስጠይቅም «ነገ በሚወጣው መኪና» ተባልኩ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ መሰንበቱን ሁላችንም እናውቃለን። የመንገዱ መዘጋት የእናንተ ጥፋት ነው አልልም። ጀሶ ግን የሚበጠበጠው እዚያው ክሊኒክ ውስጥ በጎማ ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ይጠነክራል። የደረቀ የጀሶ ቅርጽ በጥንቃቄ ከታሸገ መንገድ ላይ ሳምንት ቢቆይም መጠኑ አይለወጥም። የአባቴ ልክ በዕለቱ በጀሶ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ የመኪናው መዘግየት ጊዜ ቢወስድብን እንጂ ልኩን አያበላሽብንም ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ግን መዘግየቱ ራሱ ያደረሰው ጉዳት ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ መሟሸሹም እጅግ ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ለ25 ዓመት የዘለቀና በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ ክትትል፣ የታችኛው መንጋጋ የሚሟሽሸው ከላይኛው አራት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አባቴ በመስከረም አስነቅለው፣ በኅዳር ተለክተው፣ ጥርሱን የለበሱት በሚያዝያ ነው። በኅዳር የተለካው ድድ በሚያዝያ አልነበረም ማለት ነው፤ የታችኛው ጥርስ ይበልጥ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ «ትንሽ ታገሡ፣ ጥራቱ እንዳይጓደል ነው» እየተባልን የጠበቅናቸው ወራት ጥራቱን ራሱን እየበሉት ነበር። ከተነቀለ ብዙም ያልቆየ ድድ ልክ ከተወሰደ ሥራው በሳምንታት ማለቅ አለበት፤ በሳምንታት የማያልቅ ከሆነ ደግሞ ልኩ ወደ ሥራው መጀመሪያ ተጠግቶ እንደገና መወሰድ ነበረበት። ሁለቱም አልተደረገም።

ቀጥሎ ያለው የሰም ልኬት ነው። የጥርሶቹ ድርድር አክሪሊክ ከመሆኑ በፊት በሰም ላይ ተሰክቶ ወደ ታካሚው አፍ ይገባል፤ አነካከሱ፣ የፊት ጥርሶቹ ርዝመት፣ አነጋገሩ የሚታየው በዚያን ጊዜ ነው፤ ሰም ስለሆነም የሚስተካከለው በደቂቃዎች ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይዘመዝም በፊት አስለብሶ ያያል። እኛ የአስቸኳይ ከከፈልን በኋላ ግን ይህ ቀጠሮ ጭራሽ አልተሰጠንም፤ ጥርሱ በቀጥታ አልቆ መጣ። አባቴ በዚያ ቀጠሮ ፈ የሚለውን ፊደል አንድ ጊዜ ቢሉት ኖሮ፣ ጥርሱ ማጠሩን ባለሙያው ያለ መሣሪያ ይሰማው ነበር። ከዚህ የተረዳሁት፣ ለፍጥነት ብለን የጨመርነው ገንዘብ የገዛልን ወረፋ ማሳጠርን ሳይሆን ልኬት ማስቀረትን መሆኑን ነው። ቅሬታዬም በአጭሩ ይኸው ነው፦ ሊቸኮልበት የሚገባው የጀሶ ሥራ ዘገየ፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሰም ልኬት ደግሞ በችኮላ ቀረ።

የእጅ ሥራው ራሱ ወራት የሚፈጅ አይደለም። አክሪሊኩ በተለመደው ረጅም ዘዴ 74 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ 9 ሰዓት ገደማ ይበስላል፤ በአጭሩ ዘዴ ደግሞ በዚሁ ሙቀት ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከዚያ አንድ ሰዓት ይፈላል። (ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ከፍታቸው ውሃን 100 ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያፈላው፣ በማፍያው ሰዓት ላይ መሰሰት እኛ አገር የበለጠ ያስጠይቃል፤ ይህ ግን የላቦራቶሪው ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም።) ቀዝቅዞ መውጣቱ፣ መሞረዱና መወልወሉ ቢጨመርበት እንኳ ነገሩ የቀናት ሥራ ነው። ቀሪው ጊዜ ወረፋና መንገድ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ታካሚው የሚከፍልባቸው የሕክምና ደረጃዎች አይደሉም።

በዋጋው ረገድ ፍትሐዊ ለመሆን እሞክራለሁ። ሁለት ጊዜ ልክ ይወሰድልን፣ ውድ መሣሪያ ይምጣልን እያልኩ አይደለም። በካናዳ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በአልጂኔት አንድ ጊዜ ብቻ በተወሰደ ልክ የተሠራ ሙሉ ጥርስ በረጅሙና በውድ አሠራር ከተሠራው በታካሚዎች እርካታ እንዳላነሰ አሳይቷል። ድድን በካሜራ አንስቶ በኮምፒውተር የሚነድፈውና በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቀውም አሠራር በሌላ አገር እየተስፋፋ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱን አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ዋጋቸው እምብዛም ያልሆኑትን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም በሰዓቱ የፈሰሰ ጀሶና አንድ የሰም ቀጠሮ ነው። እነዚህን ማስቀረት ለእናንተም አላተረፈም፤ እንደገና ሲሠራ የሚወጣው አክሪሊክና የባለሙያ ጉልበት ከዚህ ይበልጣል። ለእኛ ደግሞ እያንዳንዱ ቀጠሮ 90 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ መንገድ ላይ ያለው የጉጉፍቱ ብርድ፣ መንገዱ ከተዘጋም የደሴ አልቤርጎ ማለት ነው።

ከዚህ በመነሳት የሚከተለው እንዲፈጸምልን እጠይቃለሁ። የአባቴ ልክ እንደ አዲስ ተወስዶ እኛ ባለንበት፣ በዚያው ሰዓት ጀሶ እንዲፈስበት፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላከውም ጀሶው እንጂ አልጂኔቱ እንዳይሆን፤ ጥርሱ ከማለቁ በፊት በሰም ተሰክቶ በአባቴ አፍ እንዲታይ፣ አባቴም ተቀምጠው ሱረቱል ፊልን እስኪቀሩ ድረስ ባለሙያው እንዲያዳምጣቸው እፈልጋለሁ። ለዚህ ሁሉ አዲስ ክፍያ እንዳይጠየቅ፣ የአስቸኳይ ተብሎ የተከፈለውም ገንዘብ እንዲመለስልን አመለክታለሁ፤ የተከፈለበት አገልግሎት አልተሰጠምና። ቀጠሮዎቹ ተራቸውና ቀናቸው በካርዱ ላይ በጽሑፍ ይስፈሩልን፤ ከአንድ በላይ የሚሆነው ሥራ በአንድ ቀን ሊያልቅ የሚችል ከሆነም ከወረኢሉ የምንመጣ መሆናችን ታስቦ አብሮ ይያዝልን። አዲሱ እስኪደርስ ድረስ አሁን ያለው የታችኛው ጥርስ ጠርዝ በግምት ሳይሆን የሚጫነውን ቦታ በሚያሳየው ቅባት ተፈትሾ እንዲሞረድ፣ ከተቻለም ውስጡ በለስላሳ ቁስ እንዲለበስ እጠይቃለሁ፤ አባቴ ቁስሉ ሳይድን አዲስ ልክ ሊወሰድባቸው ስለማይገባ ይህ ቀድሞ የሚፈጸም ነው።

ክሊኒካችሁ ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ይመለስልንና ሌላ ቦታ እናሠራለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሰም ልኬት እንደሚቀር ሳይነገረን የአስቸኳይ ክፍያ መቀበላችሁ ከዚህ ድንጋጌ ጋር የሚሄድ አይመስለኝም። ይሁንና ጉዳዩን ወደ ሌላ አካል ከመውሰዴ በፊት በእናንተው እንዲያልቅ እመርጣለሁ፤ አባቴም «ሰዎቹን አታስከፋቸው፣ ብቻ ጥርሱን ያስተካክሉልኝ» ነው የሚሉት።

የክፍያዎቹን ደረሰኞችና የቀጠሮ ካርዱን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ፣ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ቀንም በካርዱ ላይ ባለው ስልክ አስቀድማችሁ እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሆነ ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ አባቴን ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የታካሚው ልጅ
ወረኢሉ

ግልባጭ፦ ለታካሚው ማኅደር