የሁለት እህትማማቾች ደም፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የስኳር በሽታ በኩላሊትና በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዘረመል ጋር ያለው ግንኙነት በራሳችን ታካሚዎች ላይ እንዲጠና ስለመጠየቅ

ክብርት ሚኒስትር፣

ሥራዬ ደም መቅዳት ነው። ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። የስኳር ታካሚዎች ቀጠሮ በሚሆንበት ቀን ኮሪደሩ ገና ሳይነጋ ይሞላል። ምግብ ሳይቀምሱ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ካርዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አብዛኞቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን በቤቴ ስላየሁት ነገር ነው።

እናቴና ታላቅ እህቷ ደጃች ውቤ ሰፈር በአንድ ግቢ ኖረዋል። ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራ በልተዋል፤ ከአንድ ጀበና ጠጥተዋል። ሁለቱም ስኳር ነበረባቸው። አክስቴ በሽታው ከተገኘባት 31 ዓመት ሆኗታል፤ ሻይዋ ላይ ስኳር ስትጨምር ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ዛሬም ክር መርፌ ውስጥ የምታስገባው ያለ መነጽር ነው፤ ኩላሊቷም ደህና ነው። እናቴ ደግሞ መለኪያዋን ትራስጌዋ አድርጋ የምትተኛ፣ የጠዋትና የማታ ቁጥሯን በሰማያዊ ደብተር የምትመዘግብ ሴት ነበረች። በ12ኛው ዓመት እግሯ ማበጥ ጀመረ። ቀጥሎ የኩላሊት እጥበት መጣ። በሳምንት ሦስት ቀን መሆን ሲገባው አቅማችን የፈቀደው ሁለት ቀን ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፈች።

አንድ ቀን ከሆዴ አልወጣ ብሏል። የኩላሊቷ ውጤት በተነገራት ዕለት ሐኪሙ ሌላ ሰው ባለበት «እርስዎ አይጠነቀቁም ማለት ነው» አላት። የት እንደነበር አልናገርም። ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት። አላየላትም። አጥፋ መልሳ ከተተችው።

ስኳርን መቆጣጠር ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። 1,441 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጠናቀቀው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መያዝ በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኔም ለታካሚዎቼ በየቀኑ የምናገረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ብቻውን ሁሉን አይመልስም። በቁጥር ትንሽ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኩላሊቱ የተጎዳ ስኳር ታማሚ ወንድም ወይም እህት ካላቸው ስኳር ታማሚዎች መካከል 83 በመቶው ራሳቸው የኩላሊት ጉዳት እንደታየባቸው አስነብቧል። የወንድም ወይም የእህታቸው ኩላሊት ደህና በሆነው ላይ ግን 17 በመቶ ብቻ ነበር። የእኔ ቤት የዚህ ተቃራኒ ነው። እህትማማቾች ከሚወርሱት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነውና የሚጋሩት፣ አንዷ ያገኘችውን መከላከያ ሌላዋ ላታገኘው ትችላለች። ለዚህም ነው የሁለቱም ዓይነት ቤተሰብ መመዝገብ ያለበት፤ የተጎዳውም የዳነውም።

መከላከያ የሚባለው ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 20,000 የሚጠጉ ዓይነት አንድ የስኳር ታማሚዎችን (ሰውነታቸው ኢንሱሊን የማያመርት ማለት ነው) ዲኤንኤ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ኮል4ኤ3 በሚባለው ዘረመል ላይ ያለ አንድ ልዩነት ኩላሊትን ከጉዳት እንደሚጠብቅ አገኙ። ይህ ዘረመል የኩላሊት ማጣሪያ የተሠራበትን ስስ ሽፋን ከሚያበጁት አንዱ ነው። ማጣሪያው ራሱ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ሳነብ የእናቴ ደብተር ትዝ አለኝ። ታዲያ እነዚያ ታማሚዎች በሙሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ።

«የአፍሪካ ጥናትስ አለ አይደል?» ይባል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤፒኦኤል1 በተባለ ዘረመል ላይ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡ ሁለት ልዩነቶች ተገኙ፤ በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉትም በጼጼ ዝንብ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ እንደሆነ ይታመናል። በዓመቱ እስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ ግን እነዚያ ልዩነቶች አልተገኙባቸውም። ስለ ሌጎስ ወይም ስለ አክራ ሰው የታወቀው ስለ አዲስ አበባ ሰው የታወቀ አይሆንም ማለት ነው። የእኛን ኩላሊት የሚጠብቀውም ሆነ የሚጎዳው ምን እንደሆነ ከእኛው ደም ካልሆነ ከየትም አይገኝም።

ያ ደም ደግሞ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ እንቀዳለን፤ ለምርመራው የምንፈልገው ጥቂት ጠብታ ነው። የቀረው ቆሞ ሲያድር ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቢጫው ውሃ ከላይ ይሰፍራል፣ በመሃላቸው እንደ ክር የቀጠነች ነጣ ያለች መስመር ትታያለች። ነጭ የደም ሴሎች ያሉት፣ ዲኤንኤውም የሚገኘው እዚያ ነው። በማግስቱ ሁሉንም በቢጫ ከረጢት አስረን ወደ ማቃጠያ እንልካለን። ሕጉ ያዛል፣ ትክክልም ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም ሊያስቀረው አይገባም። ግን እስከ ዛሬ ታካሚዎቹን ፈቃድ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ክብርት ሚኒስትር፣ የምለምነው በዲኤንኤ እንዲጀመር አይደለም። ዲኤንኤ የሚናገረው ታካሚው ምን እንደደረሰበት አብሮ ሲጻፍ ብቻ ነው፤ የእኛ ትልቁ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ላይ የዕለቱ ስኳር ይጻፋል። ሽንት ውስጥ የወረደው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን፣ የሬቲናው (የዓይን የውስጥ ጀርባ ሽፋን) ሁኔታ፣ የእግሩ ስሜት ግን አንዴ ይጻፋል አንዴ ይቀራል። ወንድም ወይም እህት ታሞ እንደሆነ የሚጠይቅማ ከስንት አንድ ነው። ካርዱ ከጠፋ ደግሞ የአሥር ዓመት ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ፊንላንዶች የዓይነት አንድ ታማሚዎቻቸውን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መልክ እየተከታተሉ ነው። ይህችም ከተማ አታውቀው አይደለም፤ ከ1976 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የታከሙ የዓይነት አንድ ታማሚዎች የደረሰባቸው ጉዳትና ሞት ተጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። ያኔ በወረቀትና በእርሳስ ከተቻለ ዛሬ አይቻልም አልልም።

ስለዚህ በከተማዋ ሆስፒታሎች አንድ ወጥ ቅጽ ይኑር፤ እነዚህ ምርመራዎች በዓመት አንዴ ሳይቀሩ ይሠሩና የቤተሰቡም ታሪክ ይጻፍ። ፈቃዱን በአማርኛም ሆነ በገዛ ቋንቋው ተረድቶ የሰጠ ታካሚ ከደሙ ጥቂት ይቀመጥለት። ማስቀመጫው እዚሁ አገር ይሁን፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም አሉን። ወደ ውጭ መላክ የግድ ከሆነ የእኛ ተመራማሪዎች በጥናቱ ባለቤት ሆነው ይግቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ከእሱ በታች የሆነ አሠራር አይፈቀድ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዘረመል ስል ብሔር ማለቴ አይደለም። ቅጹ ላይ የብሔር ሳጥን የሚኖር ከሆነ እኔ ራሴ ታካሚዎቼን ፈርሙ አልልም። የምንፈልገው የአባትና የእናት፣ የእህትና የወንድም ታሪክ ነው።

ሐሳቡን ለአክስቴ ነግሬያታለሁ። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እሷ የሞተችበትን ምክንያት የሚያገኙ ከሆነ ከሁለቱም ክንዴ ይቅዱ» አለችኝ። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነው፤ የእናቴም ደብተር እኔ ዘንድ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ