አንድ ቀን ወመዘክር ሂጂልኝ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ውድ እታለም፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ጉዳይ ሲገጥመኝ ብዕር ማንሣቴ ያሳፍረኛል። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት ማመካኘት እችል ነበር፤ ነገር ግን ከተመለሰ በኋላም አልጻፍኩልሽም፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ኩርፊያሽ ከሦስተኛው ስኒ ቡና እንደማያልፍ ስለማውቅ ተደፋፍሬ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ጉዳዩ ያው የአባ ኢየሱስ ሞዓ የብራና ወንጌል ነው። የጥናቴ አራተኛ ምዕራፍ የቆመው አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጧቸው መጻሕፍት በተዘረዘሩበት የዚሁ ወንጌል ቅጠል ላይ ነው። ከደሴ እስከ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠዋት ከመናኸሪያ ብሳፈር ረፋድ ሳይሆን እደርሳለሁ፤ ይሁን እንጂ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ስለዚህም ለእኔ የተከፈተልኝ በር እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ የተነሣውና ኋላ በኢንተርኔት የተሠራጨው ምስል ብቻ ነበር። መጀመሪያ የከፈትኩት ሌሊት እያለቀስኩ የደወልኩልሽ ለዚህ ነበር።

ባለፈው ወር አማካሪዬ የግርጌ ማስታወሻዎቼን አንድ በአንድ ሲከፍቱ፣ ከ41ዱ ሊንኮች 17ቱ «ገጹ አልተገኘም» አሉ፤ የዚያ ቅጠል ምስል የነበረበትም ከነዚሁ አንዱ ነው። በኮምፒውተሬ ያስቀረሁት ቅጂ ደብዛዛ ስለሆነ ከመጻሕፍቱ ስም ሦስቱን አጥርቼ ማንበብ አልቻልኩም። ይባስ ብሎ የቅጠሉን ቁጥር አንዱ ድረ ገጽ አንድ፣ ሌላው ሌላ ይለዋል። ዘመኑንም አንዱ 1273፣ ሌላው 1280 ብሎ ሲያሰፍር የኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ አይገልጽም፤ አንድ ተማሪዬም እነዚህን ሁለት የተለያዩ ወንጌሎች አድርጎ ጽፎ አመጣልኝ። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም፤ ያነበበውን ነው የጻፈው።

ለአንቺ የምናዘዘው የራሴ ጥፋት አለ። የብራናው የማይክሮፊልም ቁጥር 1832 መሆኑን እያወቅሁ በማስታወሻዬ የጻፍኩት ሊንኩን ብቻ ነበር። የመሳቢያ ካርድ እያገላበጥን በተማርንበት ጊዜ የመደርደሪያ ቁጥር ሳልጽፍ መጽሐፍ መልሼ አላውቅም ነበር፤ ስክሪኑ ያንን ልማድ አስረሳኝ። አማካሪዬ ሊያጽናኑኝ ብለው የሃርቫርድ የሕግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡትን ጥናት አነሡልኝ፤ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ የተጠቀሰውን ጽሑፍ አያሳዩም ነበር። አልተጽናናሁም፤ የባሰ ፈራሁ እንጂ።

የመቅደላውን ነገር ሳስብ ደግሞ እንቅልፌ ይጠፋል። ከዚሁ ከወሎ ተራራ በ1860 ዓ.ም. ተዘርፈው ከሄዱት ብራናዎች ወደ 350 የሚጠጉት በብሪቲሽ ላይብረሪ እንዳሉ ታውቂያለሽ፤ ብዙዎቹም ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ይነበቡ ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የመረጃ ዘራፊዎች የቤተ መጻሕፍቱን ሥርዓት ሲያጠቁ ካታሎጉ ለወራት ተዘጋ፤ የብራናዎቹ ምስልም አብሮ ጠፋ። ለንደን ያለ ተመራማሪ ቢያንስ አንባቢ ክፍሉ ቅርቡ ነው፤ ከመቅደላ ልጅ ግን ብራናውም ምስሉም ርቀውታል። ኢንተርኔቱን አልረግምም፣ ያለ እሱ ይህን ጥናት አልጀምረውም ነበር፤ ነገር ግን ማንም በማንኛውም ሌሊት ሊያነሣው የሚችለውን ገጽ እንደ ማስረጃ ይዤ ፈታኞቼ ፊት መቆም አልችልም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የማይክሮፊልሙ ቅጂ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር ስላለ አንድ ቀን ሂጂልኝና ቁጥር 1832ን አስወጥተሽ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በየትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ገጽታ (በፊቱ ወይስ በጀርባው) እንዳለ አረጋግጪልኝ፤ ሦስቱንም ስሞች አንብቢልኝ። ፎቶ ማንሣት ካልተፈቀደ በእጅሽ ገልብጪው፤ ያልጠራሽን ፊደል በግምት አትሙዪው፣ ክፍት ተዪው። ዓይንሽ ለግእዝ ጽሕፈት ከእኔ ዓይን እንደሚበልጥ ዛሬ በጽሑፍ አምኛለሁና ይህን ወረቀት አስቀምጪው።

የጥናቴ መከላከያ በግንቦት ነው። ሥራ ከበዛብሽ ሳትሳቀቂ ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ እርግጥ እንዳንቺ የማምነው የለኝም። የእማማን ጤና እስካሁን አለመጠየቄን አሁን ልብ አልኩ፤ እግራቸው እንዴት ሆነላቸው? ስትመልሺ ከብራናው በፊት እሱን ጻፊልኝ።

እህትሽ